ልጆቻችንን ያስተማሩ እናት በእድራችን እንግዳ አልነበሩም

መምህርን ማክበር ለጎጃም ሰው ከሌላ የተዋሰው ልማድ አይደለም። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ኤልያስን የመሰሉ ጉባኤዎች የበቀሉበት አገር ሰው የኔታን ሲያይ ከተቀመጠበት ይነሣል። ለምድ ለብሶ አኩፋዳ ያነገተ የቆሎ ተማሪ ከደጁ ሲቆም የማን ልጅ እንደሆነ ሳይመረምር ቁራሽ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ከ40 ዓመት በላይ አብረውት የኖሩ፣ ልጆቹን ፊደል ያስቆጠሩ መምህርት ሲሞቱ እስከ መቃብር ለመሸኘት ሲያመነታ ማየት ያማል። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም ያ ማመንታት ነው።

መምህርቷ የኖሩት በምሥራቅ ጎጃም በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ቤተሰባቸው ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈለገ ስማቸውን አልጽፍም። የተወለዱት ከአባይ ማዶ፣ ወለጋ ውስጥ፣ የመካነ ኢየሱስ አባል ከሆነ ቤተሰብ ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተቋቋመች የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ናት። እናታቸው ማንበብ የቻሉት ይህችው ቤተ ክርስቲያን በ1950ዎቹ በጀመረችው የየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንደነበር መምህርቷ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። ልጅቱ ከመምህራን ማሠልጠኛ ስትመረቅ ደግሞ መንግሥት ጎጃም ክፍለ ሀገር መደባት። ሻንጣዋን ይዛ አባይን ተሻገረች፤ ከዚያ በኋላም ኑሮዋን ከእኛ ጋር አደረገች።

የተመደቡበት ዘመን ቀላል አልነበረም። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የታወጀው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው የተወሰዱትና የተገደሉትም በዚያው ወር፣ ሐምሌ 21 ቀን ነው። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ የእምነት አባታቸውን የት እንዳደረሰ የማይናገር መንግሥት ፊደል አስተምሩ ሲል፣ እኒህ ወጣት መምህርት ፋኖስ ይዘው በየማታው ለገበሬውና ለባለቤቱ «ሀ፣ ሁ» ሲያስቆጥሩ ከረሙ። ለምን ተብለው ሲጠየቁ፣ ማንበብ የምትሻው ሴትዮ ምን በደለችኝ ይሉ እንደነበር የዚያን ጊዜ ተማሪዎቻቸው ዛሬም ያስታውሳሉ። ኢትዮጵያ በዘመቻው በ1972 ዓ.ም. የዩኔስኮን ሽልማት አግኝታለች። ሽልማቱ የአገር ነው፤ ፋኖሱን ግን የያዙት እንደ እርሳቸው ያሉ ሰዎች ነበሩ።

የክፍል ሥራቸውን ከሁሉ የሚያውቁት ያስተማሯቸው ናቸው። እኔ ጎረቤት ስለነበርሁ ከክፍል ውጭ ያየሁትን ልናገር። ትራኮማ በክልላችን ስንቱን ዓይን እንዳጠፋ ማንም አይስተውም፤ በዓለም ላይ በሽታው እጅግ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ የእኛ ነው። መምህርቷ የጤና ባለሙያ እስኪመጣ አልጠበቁም። ከታች የተበሳ ጀሪካን በክፍሉ በር ላይ አንጠልጥለው፣ ፊቱን ሳይታጠብ የሚገባ ልጅ እንዳይኖር ራሳቸው ቆመው ይቆጣጠሩ ነበር። ውኃውን ከወንዝ የሚያስቀዱት በራሳቸው ገንዘብ ነው።

ያለ ዕድሜ ጋብቻን በተመለከተ ያደረጉት ደግሞ ለብቻው ሊወራ ይገባዋል። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ሲሻሻል የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገው፤ ሕግ ወጣ ማለት ግን ሠርግ ቀረ ማለት አይደለም። አንዲት ተማሪ ከክፍል መቅረት ስትጀምር መምህርቷ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ አይሄዱም። ነጠላቸውን አጣፍተው እናትየዋ ዘንድ ለቡና ይሄዳሉ። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ስለ ጋብቻው አንድ ቃል አይወጣቸውም፤ ስለ ልጅቱ የሒሳብ ውጤት ነው የሚያወሩት። አባትየው እንቢ ካለ፣ ቀጥሎ የሚሄዱት ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ነው። አዎ፣ የሉተራውያን ምእመኗ የኦርቶዶክሱን ቄስ «አባቴ፣ ይህን ነገር እርስዎ ይያዙልኝ» ይሏቸዋል፤ ቄሱም ይይዙላቸዋል። ፖሊስና ሴቶች ጉዳይ የሚመጡት ይህ ሁሉ ካልሠራ ብቻ ነበር። በዚህ መንገድ ከተረፉት መካከል ዛሬ ነርስ የሆነች አለች፣ መምህርት የሆነችም አለች።

የእምነታቸውን ነገር ስናነሣ ደግሞ እውነቱ ይነገር። በክፍላቸው ውስጥ ሃይማኖታቸውን ሰብከው አያውቁም። ሕገ መንግሥቱ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ መሆን አለበት ይላል፤ እርሳቸው ግን ሕገ መንግሥቱ ሳይጻፍም እንደዚያው ነበሩ። በዓቢይ ጾም ቤታቸው ለጥናት የሚመጡ ልጆች ካሉ የጾም ሽሮ ይሠራሉ እንጂ ወተት የነካ ነገር አያቀርቡም። የትኛዋም እናት ልጇን ወደዚያ ቤት ስትልክ ልቧ አልፈራም።

ያ ማመንታት በታየበት እድር ውስጥ እርሳቸው ለረጅም ዓመታት ጸሐፊ ነበሩ። መዋጮ የሚመዘግቡት፣ ያልከፈለውን ሳያሳፍሩ የሚያስታውሱት፣ ለአቅመ ደካማ ማመልከቻ የሚጽፉት እርሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሥራ አልፈቱም። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ ክልላችን በጦርነት ሲታመስና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ሲርቁ፣ የሰፈሩን ልጆች በረንዳቸው ላይ ሰበሰቡ። የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ለምነው አመጡ፤ ሐዘን ሲኖር ይመለሳሉ፣ ሐዘን ሲያበቃ ወደ በረንዳው ይመጣሉ። ተኩስ በሚሰማበት ቀን ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገብተው የቃል ሒሳብ ያሠሯቸው ነበር።

ባረፉ ዕለት ጡሩምባው ተነፋ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ ለቤተሰቡ የሚገባው ገንዘብም ሳይዘገይ ተከፈለ። እስከዚህ ድረስ እድሩ አልጎደለም። አስከሬኑ ሲነሣ ግን በሥራ አስፈጻሚዎቹ መካከል ክርክር ተነሣ። ደንባችን እድርተኛው ሬሳውን «እስከ ቤተ ክርስቲያን» እንደሚሸኝ ይላል፤ የእርሳቸው መቃብር ደግሞ በከተማው ዳር ለፕሮቴስታንቶች በተሰጠው ቦታ ነው። ደንቡ አይፈቅድም ያሉ ነበሩ። ዝም ብለው ከመንገድ የተመለሱም ነበሩ። መቃብሩ ድረስ የሄድነው ከግማሽ አንበልጥም። የቀብሩ ጸሎት ሲደረግ ያስተማሯቸው ልጆች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ መግባት ይፈቀድልን አይፈቀድልን አላወቁም ነበር። ያ ደንብ በወረቀት የሰፈረው በመምህርቷ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ክርክሩን ያነሡትን ሰዎች ክፉዎች ናቸው አልልም። የጎጃም ጥርጣሬ ሥር አለው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የባዕድ ሃይማኖት በአዋጅ ሲጫን የፈሰሰው ደም በዚህ ምድር የተረሳ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌም አገሩን ለስብከት ክፍት በሆነና የኦርቶዶክስ በሆነ ለይቶ ነበር፤ ጎጃም በሁለተኛው በኩል ነው የነበረው። ከዚህ ታሪክ የመጣ ሰው፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ምን አለ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥያቄው መልስ ሲያገኝ መልሱን መቀበል ይገባል፤ በእርሳቸው ላይ ለተነሣው ጥያቄ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ኑሯቸው መልስ ሰጥቷል።

በሉተራውያን ዘንድ ማስተማር ራሱን የቻለ አምልኮ መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ማርቲን ሉተር በ1524 እ.ኤ.አ. ለጀርመን ከተሞች አስተዳዳሪዎች በጻፈው ደብዳቤ ለወንዱም ለሴቷም ልጅ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ተማጽኗል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1534፣ አባ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከዚሁ ሰው ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል፤ ሉተርም የድጋፍ ደብዳቤ ሰጥቶት ተለያዩ። በአገራችንም አስቴር ጋኖ አለች። በባርነት ተሸጣ ቀይ ባሕር ላይ ነፃ የወጣችው ይህች ልጅ ምጽዋ አጠገብ ባለው የምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምራ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ከተረጎመው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጀች፤ ኋላም ወለጋ ገብታ ዕድሜዋን ልጆች በማስተማር ፈጸመች። የእኛ መምህርት የመጡት ከዚህ መስመር ነው። ሉተራዊነታቸውን ወደ ጎን ትቶ መምህርነታቸውን ብቻ ማመስገን አይቻልም፤ አንዱ ከሌላው የተቀዳ ነበርና።

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ማን ይቀበር የሚለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስለሆነ አልነካውም። እድር ግን ቤተ ክርስቲያን አይደለም። እድር ለሞት የተዋዋልን ጎረቤታሞች ማኅበር ነው፤ መዋጮ ስንቀበል የማንን ሃይማኖት ጠይቀን አናውቅም። ከመምህርቷ በየወሩ የተቀበልነው ብር ከሌላው ብር የተለየ ቀለም አልነበረውም። ውሉን እርሳቸው ፈጽመዋል፤ ያጎደልነው እኛ ነን።

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በደንቡ ውስጥ «እስከ ቤተ ክርስቲያን» የሚለው «እስከ መቃብሩ ቦታ» ተብሎ እንዲሻሻል በጽሑፍ አቀርባለሁ። በከተማችን ሙስሊም እድርተኞችም ስላሉ ጉዳዩ የእነርሱም ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ወንበሮቹ ነው፤ ቀብሩ ካለፈ ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ተከምረዋል። ጡረታ የወጡ ሁለት መምህራን የበረንዳውን ትምህርት ለመቀጠል ፈቃደኞች ናቸው፤ የመምህርቷ ልጅም በረንዳውን አልከለከለችም። የእድሩ ዳኛ ጉባኤውን ሳይጠብቁ ወንበሮቹን ቢያስወጡልን፣ ልጆቹ ከሰኞ ጀምሮ መማር ይችላሉ።