ባይፓስ ባልቦላ፦ ግዴታ ወይስ ጌጥ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «ሱፐርቻርጀር ለተገጠመለት መኪና ባይፓስ ባልቦላ መጨመር ግዴታ ነው።» ሱፐርቻርጀር በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚነፋ ዕቃ ነው፤ ባይፓስ ባልቦላ ደግሞ የተገፋውን አየር ወደ መግቢያው የሚመልስ በር። ተከራካሪዎቹ የአንድ አሮጌ ኮሮላ ባለቤትና መኪናውን የሠራለት የአዲስ አበባ መካኒክ ናቸው። ሞተሩ 1.6 ሊትር ነው፤ የተጨመረለት ሱፐርቻርጀር ከሚኒ ኩፐር ኤስ ላይ የተፈታ ኢተን ኤም 45።

ባለመኪናው፦

ሱፐርቻርጀሩን ወንድሜ ከቨርጂኒያ በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። ሚኒው ላይ ባይፓሱ ለብቻው የሚታሰር ዕቃ ስለሆነ እዚያው ቀረ። «ያለ እሱም ይሄዳል» ተባልኩና ተገጠመ። በሳምንቱ ከመገናኛ ወደ ቦሌ ስወርድ ማርሽ ልቀይር እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ «ቧ!» አለና ጉልበቱ ጠፋ። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ቱቦው ከአፉ ወጥቶ፣ ፋሼታው (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበቱ) እላዩ ላይ እንደታሰረ ተንጠልጥሏል።

ይሄ በጭስ ኃይል የሚዞር ተርቦ አይደለም። ቺንጋው እስከዞረ ድረስ በአንድ ዙር 0.74 ሊትር ገደማ አየር ይገፋል፤ ትሮትሉ (በነዳጁ ፔዳል የሚከፈትና የሚዘጋው የአየር በር) ይከፈት ይዘጋ ግድ የለውም። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር እሱ 8,000 ይዞራል፤ በወረቀት ሒሳብ በደቂቃ ከ5,800 ሊትር በላይ ነው። የእኔ ትሮትል ደግሞ ከሱፐርቻርጀሩ በኋላ ነው ያለው። በሩን ስዘጋበት ያ ሁሉ አየር የት ይግባ? ባይፓስ ማለት የተገፋውን ወደ መግቢያው የሚመልስ መንገድ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ቶዮታ ራሱ በ1980ዎቹ ኤምአር ቱ ላይ ሱፐርቻርጀር ሲገጥም ባይፓሱን አልረሳም፤ እንዲያውም ሱፐርቻርጀሩን በማያስፈልግበት ጊዜ የሚያቆም የማግኔት ክላች ጨምሮበታል። ቤንዚንም ይቆጥባል።

መካኒኩ፦

«ቤንዚንም ይቆጥባል።» መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ልጄ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ከሆነ የመጣኸው መኪናውን አምጣውና ሱፐርቻርጀሩን በግማሽ ቀን ልፍታልህ። እዚህ ከተማ ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ሱፐርቻርጀር ያስገጠመ ሰው አንተን ብቻ ነው የማውቀው።

ቱቦው የወጣው በባይፓስ ማጣት አይደለም። ያቺን ፋሼታ ከሶማሌ ተራ ለቃቅመህ ያመጣህልኝ አንተ ነህ። ትሮትሉንስ ወደ ፊት፣ ከሱፐርቻርጀሩ በፊት እናምጣው ብዬህ አልነበረም? ሚኒው ራሱ እንደዚያ ነው የተሠራው። በሩ ከፊት ሲዘጋ የሚገባው አየር እዚያው ይታነቃል፤ ከኋላ ተከማችቶ ቱቦ የሚነቅል ነገር አይኖርም። «ሥራው ይበዛል፣ ቸኩያለሁ» ያልከው አንተ።

አንድ ባልቦላ ማለት ሁለት ወፍራም ቱቦ፣ አንድ ቀጭን የቫኪዩም (የሞተሩ መምጠጥ) ቱቦ፣ አራት ፋሼታ፣ ማለትም አየር የሚያመልጥበት አዲስ ቀዳዳ ነው። እግሩን ቀስ አድርጎ ማንሳት የሚችል ሹፌር ደግሞ ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም።

ባለመኪናው፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ቀስ አድርጎ ማንሳት» ያሉት በየትኛው ከተማ ነው? ሚኒባስ ያለ ፍሬቻ ከፊቴ ሲገባ «አንድ ጊዜ ይታገሱኝ፣ እግሬን ቀስ ብዬ እያነሳሁ ነው» ልበለው? የሞተር ጥበቃ በሹፌሩ ቁርጭምጭሚት ላይ ከተመሠረተ የፍሬንንም ነገር ለጸሎት እንተወው።

ሚኒውን ስላነሱልኝ ግን አመሰግናለሁ። ትሮትሉ ከፊት ነው፤ እውነት ነው። ባይፓስ ግን አለው! ለምን ይመስልዎታል? በሩ ከፊት ሲዘጋ ቱቦ አይፈነዳም፤ ሱፐርቻርጀሩ ግን ከታነቀው መግቢያ በግድ እየመጠጠ ወደ ኋላ መግፋቱን አይተውም። ያ ልፋት ሙቀት ይሆናል፤ የሞተሩንም ጉልበት ይበላል። ባይፓሱ ሲከፈት የፊትና የኋላው ግፊት ይስተካከላል፤ እሱም ያለ ሸክም ይዞራል። ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ በመጨናነቅ ተጎትቼ ስደርስ ሱፐርቻርጀሩ እጅ አያስነካም ነበር።

መካኒኩ፦

እጅ አያስነካም? ከራዲያተርና ከማርሚታ መካከል ተቀምጦ እንደ ጠላ ጋን እንዲቀዘቅዝ ጠብቀህ ነበር?

እኔ ካርቡራተር ስፈታ አንተ አልተወለድክም። ያገለገለ ባይፓስ ተገዝቶ ሲመጣ አይቻለሁ። ውስጡ ያለው ላስቲክ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ያለ ነዳጅ ሲሠራ ያለው ዝቅተኛ ዙር) ይንቀጠቀጣል፤ ባለመኪናው ካንዴላ ይቀይራል፣ ፓምፕ ይቀይራል፣ መጨረሻ ላይ መካኒኩን ይሰድባል። በደንብ ሳይገጥም የሚዘጋው ደግሞ ይብሳል፤ የገፋኸውን አየር መልሶ ያፈስሰዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የጨመርንልህ ግፊት አብዛኛው ያንን ጉድለት መሙያ ነው። ትንሿን ትርፍ በአሮጌ ባልቦላ አፍስሳትና ከዚያ ቤንዚን ቆጠብኩ በል።

ባለመኪናው፦

ስለ ሚኒው ባይፓስ የጠየቅሁት ሳይመለስ ወደ ቤንዚኑ ተመለስን።

ላስቲኩ ቢቀደድስ? ባልቦላውን የሚከፍተው ቫኪዩም ነው፤ የሚዘጋው ስፕሪንግ። ሲቀደድ ተዘግቶ ይቀራል፤ ማለትም እርስዎ አሁን «ይበቃሃል» ወዳሉኝ ቦታ እመለሳለሁ። የሚንቀጠቀጠውን ሚኒሞ ቀጭኗን ቱቦ ነቅሎ አፏን በመድፈን በደቂቃ መለየት ይቻላል።

እውነቱን ልናገር? ነገሩ ባልቦላው አይደለም። «ሥራዬ ጎድሎ ነበር» ማለት ስለከበደዎት ነው። ፋሼታዋን የገዛሁት እኔ ነኝ። ያጠበቃት ማነው?

መካኒኩ፦

ያጠበቅኋት እኔ ነኝ። ጥርሷ እንደተበላ አሳይቼህ «ለጊዜው ትያዝ» ያልከው አንተ ነህ፤ ረዳቴ ልጁም ቆሞ ሰምቷል። ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ይዤ በአንዲት ፋሼታ ስሜ አይነሳም።

ባይፓሱን አምጣው፣ እበይደዋለሁ። ግዴታ ነው አላልኩም። ትሮትሉ ግን ወደ ፊት ይመጣል፤ እሱ ካልሆነ መኪናህን ሌላ ጋራዥ ውሰድ። ፋሼታም እኔ ነኝ የምገዛው፤ ሒሳቡ ከእጅ ዋጋው ላይ ይደመራል።

ባለመኪናው፦

ትሮትሉን በራሴ ወጪ?