ካላመመኝ ምን ያስሮጠኛል?

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ግቢ ለቡና ተሰባስበን ሳለን፣ አቦሉ ተጠጥቶ ጀበናው እንደ ገና እንደ ተጣደ፣ የሦስት ልጆች እናት የሆነች ጎረቤታችን በግራ ጡቷ ላይ ሽንብራ የምታህል እብጠት ካገኘች አራት ወር እንዳለፋት እንደ ዋዛ ነገረችን። ገላዋን ስትታጠብ ነበር በእጇ የነካቻት፤ ጠንከር ትላለች፣ ነገር ግን አታማትም። «ካላመመኝ ምን ያስሮጠኛል ብዬ ተውኳት» አለች።

ቀድመው የደገፏት በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት እናት ነበሩ። የሚያም ነገር ራሱ ይናገራል፣ የማያመውን መነካካት ግን መዘዝ ያመጣል ባይ ናቸው። እኅታቸው ጡቷን ታማ ናሙና በተወሰደላት በዓመቱ እንደ ሞተች ካወሱ በኋላ፣ «ብረት ሲነካው ነው የተሰራጨው፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ፣ ልጄ» አሏት።

በጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ በመካከላችን ነበረች። አልተቆጣችም፤ «እማማ፣ እኅትዎ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ እብጠቱ ምን ያህል ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እናት ጥቂት አሰቡና ጭብጣቸውን አሳዩን፤ ቆዳው ቆስሎ ነጠላዋን ያረጥብ እንደ ነበርም ጨመሩ። ነርሷ በመርፌ ናሙና መውሰድ በሽታውን እንደማያሰራጭ፣ እኅታቸውን የጎዳው ከመርፌው በፊት ያለፈው ጊዜ እንደሆነ አስረዳቻቸው። አብዛኛው የጡት እብጠት ነቀርሳ አይደለም፤ ነቀርሳ የሆነውም በጅማሬው ብዙውን ጊዜ ስለማያም፣ ሕመም አለመኖሩ ለማንም ዋስትና ሊሆን አይችልም አለች። በብብት ውስጥ የሚገኝ እብጠት፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎድጎድ የሚል ቆዳ፣ ከዚህ በፊት ደህና ሆኖ ሳለ አሁን ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢታይ መመርመር ያስፈልጋል።

በዚህ ጊዜ እስከዚያ ዝም ብሎ የቆየ አንድ መምህር ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ባለቤቱ ሕፃን እያጠባች ሳለ እብጠት አግኝታ በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። «ወተት ቋጥሮ ነው» ተባለችና መድኃኒት ተሰጣት፤ ስትመለስም ሌላ መድኃኒት ተጨመረላት፤ አልትራሳውንድ የታዘዘላት ከአምስት ወር በኋላ ነው። «ስለዚህ ዘገዩ እያላችሁ ሴቶቹን ብቻ አትውቀሱ» አለ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። ነርሷ አልተከራከረችውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር ተነሣሽነት፣ አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ወደ ጤና ተቋም ከሄደችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራዋ ተጠናቅቆ ሕመሟ ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት ማስቀመጡን ነግራን፣ «የእኛም ድርሻ አለበት» አለች።

እናት የቀዘቀዘውን ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መልሰው፣ «እንግዲህ ማክሰኞ ሂጂ፤ ልጆቹን እኔ እይዝልሻለሁ» አሉ።

በእኔ ግምት እናት ያዩትን አልዋሹም። ናሙናውንም ሞቱንም አይተዋል፤ ያላዩት በሁለቱ ፊት ያለፉትን የዝምታ ወራት ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ በነበረበት ዘመን፣ ከክፍለ ሀገር የሄደች እኅት በሽታው ከገፋ በኋላ መድረሷ፣ የቀረውም ቤተሰብ ሕክምናውን ከሞት ጋር አያይዞ ማስታወሱ አይገርመኝም። ይሁን እንጂ ከሁሉም ይበልጥ የከበደኝ የመምህሩ ነገር ነው። ጡት ማጥባት አልትራሳውንድንም ሆነ ናሙናን አይከለክልም፤ መድኃኒት ተወስዶ ያልጠፋ እብጠት ደግሞ ሌላ መድኃኒት ሳይሆን ምርመራ ይፈልጋል። ጎረቤታችን በዝምታ ያሳለፈቻቸው አራት ወራት የዚያ የ60 ቀን ገደብ እጥፍ ናቸው፤ ሐኪም ዘንድ ከሄደችበት ቀን የሚቆጠረው 60 ቀን ግን ገና መቆጠር አልጀመረም። ማክሰኞ ጠዋት አብሬያት እሄዳለሁ፤ ማስታገሻ ብቻ ተጽፎላት «ሲያምሽ ተመለሽ» ብትባል ከዚያ አንወጣም፤ አልትራሳውንዱ የት እንደሚነሣ፣ ናሙና ካስፈለገም መቼ እንደሚወሰድ፣ ውጤቱም በየትኛው ቀን እንደሚደርስ አስጽፈን እንመለሳለን።