ወርቅና ብር፤ በፓናማ ካናል ዳር የነበሩት የሠራተኛ ሰፈሮች

አሜሪካ ከ1904 እስከ 1914 (እ.ኤ.አ.) የፓናማን ካናል ስትቆፍር በዳርና ዳሩ የሠራተኛ ሰፈሮችን ሠርታ ነበር። ክርክራችን፦ ሰፈሮቹ ሠራተኛውን ጠቅመውታል ወይ?

ደጋፊ፦ ከፈረንሳዮቹ ልጀምር። በ1881 ቁፋሮ ጀምረው ሲተዉት ከ20 ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀባቸው ይገመታል። የጨረሳቸው በአብዛኛው ወባና ቢጫ ወባ ነው። በአሜሪካኖቹ ጊዜ ግን ዶክተር ዊሊያም ጎርጋስ ትንኝ ላይ ዘመተ። ረግረጉን አደረቀ፣ ኩሬው ላይ ዘይት አፈሰሰ፣ ቤት ለቤት አጨሰ። በ1905 መጨረሻ ቢጫ ወባ ከፓናማ ከተማ ጠፋ። ሰው በሕይወት ካልኖረ ቤቱ ሰፋ ጠበበ ምን ይረባዋል?

ተቃዋሚ፦ ወዳጄ፣ በትንኟ አልጣላዎትም። ግን የትንኝ ወንፊቱ የማን በረንዳ ላይ ነበር? ሠራተኛው በሚከፈለው ገንዘብ ዓይነት «ወርቅ» እና «ብር» ተብሎ በሁለት የደሞዝ መዝገብ ተከፍሎ ነበር። ወርቁ በአብዛኛው ነጭ አሜሪካዊ ነው። ባለትዳር ከሆነ ቤት ከነዕቃው በነፃ ያገኛል። ስፋቱ መጀመሪያ ላይ በደሞዝ ይለካ ነበር፤ ለ1 ዶላር የወር ደሞዝ 1 ካሬ ጫማ። ቀልድ አይደለም! ብሩ በአብዛኛው እንደ ባርባዶስና ጃማይካ ካሉ የካሪቢያን ደሴቶች የመጣ ጥቁር ነው። 72 ሆነው በአንድ አዳራሽ ይታጨቃሉ፤ አልጋው ተደራርቦ የተንጠለጠለ ሸራ ነው። ምግብ ቤታቸው ወንበርም ጠረጴዛም የለውም። ምግቡን በዕቃ ተቀብሎ ውጭ ቆሞ መብላት ነው፤ የፓናማን ዝናብ ደግሞ ያውቁታል። እርጥብ ልብስ ለብሶ ተኝቶ፣ ጠዋት እርጥቡን ለብሶ ሥራ። የሳንባ ምች ስንቱን ጨረሰው! በአሜሪካኖቹ ጊዜ ከሞቱት 5,609 ሰዎች 4,500 ያህሉ ጥቁሮች ናቸው።

ደጋፊ፦ ይሁን። ግን ከባርባዶስ ብቻ 20 ሺህ ያህል ሰው በኮንትራት መጥቷል። በሰዓት 10 ሳንቲም አገሩ የሸንኮራ እርሻ ላይ አያገኝም ነበር።

ተቃዋሚ፦ ለደሞዙ መጣ እንጂ ለአዳራሹ አልመጣም። ብዙው እኮ ጥሎት ወጣ! ገሚሱ ኮሎን ከተማ ጠባብ ክፍል ተከራየ፣ ገሚሱ ጫካ ገብቶ ጎጆ ቀለሰ። ሚስት ይዞ፣ ጓሮ ተክሎ፣ የራሱን ድስት ጥዶ። ካናሉ ካለቀ በኋላም ለጥቁሮቹ የተሠራውን አንዱን ሰፈር ምን አሉት? ሲልቨር ሲቲ። የብር ከተማ!

ደጋፊ፦ የትንኙን ነገር አልለቅም። ስሙን ግን እኔም አልከላከልልዎትም።