ሚሊየነሮች ሲጣሉ ከአስተናጋጅ ኪስ ይወጣል

የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 አዲስ የሥራ ስምምነት አጽድቋል። እስከ ሴፕቴምበር 2030 ሰላም ነው ማለት ነው። የነበረው ውል ሊያልቅ ከዓመት በላይ ሲቀረው መጨረሳቸው ጎሽ ያሰኛል። ሲጣሉ እንዴት እንደሚጣሉ አይተናላ።

እኔ የሆኪ ሰው አይደለሁም። ያቺ ጥቁር ጎማ መረብ ውስጥ መግባቷን የማውቀው ሰው ሲጮህ ነው። የ2012ቱን ጸብ ግን አልረሳውም።

በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 15 እኩለ ሌሊት ላይ ውሉ አለቀ። ተጫዋቾቹ አድማ አልመቱም። እየተደራደርን እንጫወት ቢሉም የክለቦቹ ባለቤቶች በሩን ዘጉባቸው። ነገሩ የገንዘብ ነው። ሊጉ ያኔ በዓመት 3.3 ቢሊዮን ዶላር ያስገባ ነበር፤ ከዚያ 57 በመቶው ለተጫዋቾች ይሄድ ነበር፤ ባለቤቶቹ በዛ አሉ። እስከ ጃንዋሪ 6፣ 2013 ተፋጠው ቆዩና ግማሽ በግማሽ ተካፈሉ። እያንዳንዱ ክለብ ሊጫወት ከነበረው 82 ጨዋታ 48 ብቻ ተረፈ።

ኮሎምበስን እንውሰድ። የኦሃዮ ዋና ከተማ ናት፤ ሐበሻውም ሶማሌውም በብዛት ይኖርባታል። የብሉ ጃኬትስ ክለብ የሚጫወትበት ናሽንዋይድ አሬና የግል ንብረት ነበር። ክለቡ እየከሰርኩ ነው ሲል ጥሎን እንዳይሄድ ተብሎ በማርች 2012 አንድ የሕዝብ ተቋም አዳራሹን በ42.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ገንዘቡ ከካሲኖ ግብር ነው። ስድስት ወር እንኳን ሳይሞላ ሊጉ በሩን ዘጋ። በጃንዋሪ እዚያ ሊደረግ የነበረው የኮከቦች ጨዋታም ተሰረዘ። እሱን እንኳ በ2015 ክሰዋቸዋል።

አዳራሹ ዙሪያ ያሉትን ባሮች ግን የካሰ የለም። ለእነሱ የጨዋታ ቀን ማለት ሌላ ቀን ነው። ገና ሳይመሽ ማልያ የለበሰ ሰው ይገባል፤ ድራፍትና የዶሮ ክንፍ ይታዘዛል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ያሸነፈውም የተናደደውም ተመልሶ ይመጣል። ጨዋታ በሌለበት ማክሰኞ ማታ ግን ቲቪው ለወንበሮቹ ነው የሚያወራው። ኪራዩ አይቀንስም። የሚቀነሰው የሠራተኛው ሰዓት ነው። በ2012 በኦሃዮ ቲፕ የሚቀበል አስተናጋጅ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 3 ዶላር ከ85 ሳንቲም ነበር። ቤት ኪራይ የሚከፈለው ከቲፑ ነው፤ ቲፕ ደግሞ ያለ ሰው አይመጣም። አዲስ አበባ ላይ ፕሪሚየር ሊጉ አራት ወር ቢቋረጥ የዲኤስቲቪ ቤቶች ምን እንደሚሆኑ አስቡት።

እኔን የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። ተጫዋቾቹ፣ በአማካይ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያገኙት ማለቴ ነው፣ ድርሻቸው ስለቀነሰ ለነባር ኮንትራታቸው ማካካሻ 300 ሚሊዮን ዶላር በስምምነቱ ውስጥ ተያዘላቸው። መብታቸው ነው፤ አልቃወምም። የሊጉ ስፖንሰር ሞልሰን ኩርስም የካናዳ የቢራ ሽያጬ ተጎዳ ብሎ ካሳ እጠይቃለሁ አለ። ውል አለውና ይጠይቃል። አስተናጋጇ፣ ወጥ ቤት ያለው ልጅ፣ ማታ ማታ አዳራሹ በር ላይ የሚሰለፈው ባለታክሲ ማንን ይጠይቁ? ከሊጉ ጋር የተፈራረሙት ነገር የለም። የሊጉ ኮሚሽነር ጋሪ ቤትማን በጃንዋሪ 2013 ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታ ኪራይ አይከፍልም።

ደጋፊው ተቆጥቶ ነበር። ለሚሰረዝ እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ጨዋታ እንቀራለን ብለው የማሉም ነበሩ። በሩ ሲከፈት ግን አዳራሾቹ ሞሉ። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎም፣ የ2004/05 ውድድር ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ፣ ሕዝቡ ተመልሷል። ባለቤቶቹ ይሄን ስለሚያውቁ ነው ልባቸው የማይፈራው። ደጋፊውን ግን አልወቅስም። እልህ ይዞት ቢቀር ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ያው ባሩ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ።

ስለዚህ ደጋፊው ላይ የማይሆን ሸክም ከመጫን ከተሞቹ ይጠየቁ። የሕዝብ ገንዘብ ያወጣ ከተማ በኪራይ ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ቢያስገባ ምን አለበት? ባለቤቶቹ በሩን ከዘጉ፣ ለተሰረዘው ለእያንዳንዱ የሜዳ ጨዋታ የተወሰነ ገንዘብ ለአካባቢው ሠራተኞች ፈንድ ይክፈሉ። ለአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ፣ ለባሩ አስተናጋጅ። ለባለቤቶቹ የኪስ ገንዘብ ነው።

ክለቦቹ እንዲህ ያለውን አንፈርምም፣ እንዲያውም ሌላ ከተማ እንሄዳለን ይሉ ይሆናል። ይበሉ። ያን ጊዜ ቢያንስ ከተማው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ከማን ጋር እንደሚዋዋል ያውቃል። ኮሎምበስ ያወቀችው አዳራሹን ከገዛች በኋላ ነው።