የቆሻሻ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ

እኛ ኮሌጅ ስብሰባ ላይ ያረፈደ ሰው ሹመት ይጠብቀዋል። አምና ታክሲ አጥቼ ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ገባሁ። ስቀመጥ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ሙሉ ስማችን «የደረቅ ቆሻሻ አወጋገድና መልሶ መጠቀም አስተባባሪ ኮሚቴ» ነው። ግቢው ውስጥ ግን «ቆሻሻዎቹ» ነው የሚሉን። «ቆሻሻዎቹ ዛሬ ስብሰባ አላቸው፣ አዳራሹን ልቀቁ» ይባላል። ለምደነዋል።

ኮሌጁ ከፒያሳ ብዙም አይርቅም። ስሙን አልጠራም፤ ደሞዜን የሚከፍለኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያ ሥራችን ሦስት የቆሻሻ ማጠራቀሚያ መግዛት ነበር። ቀለሙ ብቻ ሁለት ስብሰባ በላ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይሁኑ ያለ አባል ነበር። «ባንዲራ ላይ ቆሻሻ ልታስጥለን ነው?» ተባለና ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳላሰፍረው ተነገረኝ። በመጨረሻ ለፕላስቲክ ሰማያዊ፣ ለወረቀት ቢጫ፣ ለምግብ ትራፊ አረንጓዴ ተገዛ። ክዳን ያላቸው፣ የሚያማምሩ።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ መጣ። የቡና ኩባያ የያዘ ተማሪ። ኩባያው ወረቀት ነው። ግን ውስጡ ስስ ፕላስቲክ ለብሷል፤ ቡናው የማያፈሰው ለዚያ ነው። ታች ደግሞ ስኳሩ የረጋ ጉንጭ የማይሞላ ቡና ቀርቷል። ልጁ ሦስቱንም አየ። እኔን አየ። እኔ ስልኬን አየሁ። ከዚያ ኩባያውን ቢጫው ክዳን ላይ በቀስታ፣ እንደ ሲኒ ረከቦት ላይ፣ አስቀምጦ ሄደ። እስከ ምሳ ሰዓት ክዳኑ ላይ አሥራ አንድ ኩባያ ተደርድሮ ነበር። የቀረው ጀበናው ብቻ ነው።

ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ መጡ። ሁላችንም ማዘር ነው የምንላቸው። ሦስቱንም አንድ በአንድ እያነሱ መሬት ላይ በተዘረጋ ማዳበሪያ ላይ ገለበጧቸው። ልቤ ቀጥ አለ።

«ማዘር! ምን እያደረጉ ነው? ተለይቶ እኮ ነው የተቀመጠው!»

«ምኑን ለያችሁት ልጄ?» አሉና ከወረቀቱ መሃል አንድ ፌስታል አወጡ። ውስጡ ግማሹ የተበላ ሽሮ ፍርፍር አለ። ፌስታሉ ተቀዷል። «ይሄን ወረቀት አሁን ማን ይገዛዋል? ሽሮውን ጠጥቶታል።»

ከዚያ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። ሦስት ማዳበሪያ ቆሟል። ቀለም የላቸውም፣ ጽሑፍም አልተለጠፈባቸውም። አንዱ የደረቀ ወረቀት፣ አንዱ ሃይላንድ፣ ትንሹ ደግሞ ክዳን ብቻ። (ፈረንጅ ቢያነብ የተራራ አገር ይመስለዋል። እኛ የውሃ ፕላስቲክ ማለታችን ነው። አንድ የታሸገ ውሃ ስሙን ለሁሉም አውርሶ ይኸው እናቴ የጠበል ሃይላንድ፣ የዘይት ሃይላንድና የአረቄ ሃይላንድ አላት።) ማዘር አንዱን አነሱ። ክዳኑን ፈቱ። ጠርሙሱን ጋደም አድርገው ባንድ እግራቸው ጨፈለቁት። ቋ! አለ።

«ክዳኑን ሳትከፍት ብትረግጠው አየሩ በየት ይወጣል? ነፋስ ነው የምሸጠው?»

«ክዳኑስ ለምን ለብቻው?»

«እሱ ሌላ ዘር ነው። ቁራሌው ከጠርሙሱ ጋር አይመዝንልኝም።»

በነጋታው የኬሚስትሪውን መምህር ጠየቅኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ጠርሙሱ ፔት ነው፣ ክዳኑ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፣ የሚቀልጡበት ሙቀት አይገጥምም። ባጭሩ ሌላ ዘር ነው።

ይህን ለኮሚቴው ማቅረብ ነበረብኝ። አላቀረብኩም፤ ያን ሰሞን ሥልጠና ላይ ነበርን። «የፕላስቲክ አጠቃቀምን ስለመቀነስ» የሁለት ቀን ሥልጠና። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ፊት ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ ሃይላንድ ይቀመጣል። ሲያልቅ ማዘር ደረጃው ላይ አገኙኝ። ፊታቸው በርቷል።

«ልጄ፣ ይሄ ሥልጠና መቼ ነው የሚደገመው?»

ቀጥሎ ፌስታል ላይ ዘመትን። ለነገሩ እኛ አልጀመርነውም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ማን ይለካዋል? ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት በሚሊ ሜትር አታወራም። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሌላ አዋጅ አጸድቆ ፌስታልን ራሱን አገደ። እኛም ዘበኛው በር ላይ እንዲፈትሹ አዘዝን። ጋሼ ትእዛዝ አክባሪ ናቸው፣ አንድም አላሳለፉም። የወረሱትን ሁሉ አጣጥፈው ያስቀመጡት ግን በትልቅ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ነው።

የቀረውስ የት ይሄዳል? አንድ ቀን ማዘርን ጠየቅኳቸው። «ቆሼ ነዋ» አሉ፣ እንደ ሰፈራቸው። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የዚህን ከተማ ቆሻሻ ተሸክሟል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተራራው ተናደና ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። እዚያው ሥር ቤት የነበራቸው፣ እዚያው ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች። በዓመቱ ነሐሴ 2010 ላይ አጠገቡ ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። እሳት ግን እርጥብ ነገር አይወድም፤ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ደግሞ አብዛኛው የወጥ ቤት ነው። «የሚያውቁት ሰው ነበር?» አልኳቸው። ማዘር መልስ አልሰጡኝም። ሌላ ጠርሙስ አነሱና ክዳኑን ፈቱ።

ወደ ኮሚቴው ልመለስ። የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ ሰማያዊው ውስጥ ሃይላንድ የለም። አንድም። ሊቀመንበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። «የኮሌጁ ቆሻሻ እየተሰረቀ ነው!» የኦዲት ሰው ይጠራ የሚልም ነበር። ማን እንደሚወስደው አውቃለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ። ቁራሌውም ቢሆን በየበሩ የሚጮኸው፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ጣሳውን ምድጃ፣ ጎማውን በርባሶ የሚያደርገው እኛ ከመቋቋማችን በፊት ነው። ያለ ቃለ ጉባኤ። ተወያይተን ሦስቱም ላይ ጓጉንቸር እንዲገባ ወሰንን። ቃለ ጉባኤው በሰባት ኮፒ ታትሞ ለሰባታችን ታደለ።

ባለፈው ሳምንት ማታ ስወጣ በር ላይ ከምትቀመጠው ሴትዮ የ20 ብር ቆሎ ገዛሁ። ሱፍ የተቀላቀለበት፣ ትኩስ። እየቆረጠምኩ ጥቂት እንደሄድኩ መጠቅለያው ላይ የማውቀው ፊርማ አየሁ። የኔ ነው። ገለጥ አደረግኩት፦ «አጀንዳ አንድ፦ በግቢው የሚታየውን የወረቀት ብክነት ስለመቀነስ።» ደረቅ ነው፣ ሽሮ አልነካውም። በማዘር እጅ እንዳለፈ ያስታውቃል።

ቆሎውን ጨረስኩ። ወረቀቱን መንገድ ላይ መጣል ለጸሐፊ ነውር ነው ብዬ ወደ ግቢ ተመለስኩ። ቢጫው ተቆልፏል። ቁልፉ ሊቀመንበሩ ጋ ነው። ሊቀመንበሩ ለልምድ ልውውጥ ሐዋሳ ናቸው።