በምሩቁ ተስፋ አትነግዱ

ወገኖቼ፣ የወጪ መጋራት ውሉን ፈርሞ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፎ፣ ቴምፖውን፣ ማለትም ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃውን፣ በፕላስቲክ ማኅደር ይዞ ከቢሮ ቢሮ ከሚዞር ልጅ እጅ «የመመዝገቢያ»፣ «የፎርም»፣ «የሥልጠና» እየተባለ ገንዘብ መቀበል ነውር መሆኑን የረሳን ይመስላል። የረሳነውም ድርጊቱ ተሸሽጎ ስለሚፈጸም አይደለም፤ በቴሌግራም ቻናሎች፣ በየአደባባዩ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች፣ ይባስ ብሎም በዩኒቨርሲቲዎቻችን አዳራሾች ውስጥ በጠራራ ፀሐይ የሚደረግ ነው። ይህን ተግሳጽ የምጽፈው ልጆቹን አስቦና አቅዶ ለሚያታልለው ሰው አይደለም፤ እርሱን ሕግ ይጠይቀው። የምጽፈው በሩን ለከፈትንለት፣ የትብብር ደብዳቤ ለጻፍንለት፣ የተማሪዎቻችንን ስም ዝርዝር ላስረከብንለት ለእኛ ለመምህራን፣ ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ለሙያ ማማከር ማዕከላት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ስሙና ሥራው ለሚታወቅ ቀጣሪ ሁሉ ነው።

በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ተማሪ በየቀኑ ይፈተሻል። መታወቂያውን ያሳያል፤ ቦርሳውን ይከፍታል፤ ላፕቶፕ ይዞ ከወጣ የማን እንደሆነ ይጠየቃል። «ምሩቃን ልቀጥር መጥቻለሁ» የሚል ሰው ግን ባነር ካንጠለጠለና ማኅተም ያለበት ወረቀት ካሳየ አዳራሽ ይሰጠዋል፤ ድምፅ ማጉያ ይዘጋጅለታል፤ ተማሪዎችም እንዲሰበሰቡ ማስታወቂያ ይለጠፍለታል። የንግድ ፈቃዱ ለየትኛው ሥራ እንደተሰጠው፣ አሉኝ የሚላቸው የሥራ መደቦች በእርግጥ ክፍት መሆናቸውን፣ ደመወዛቸው ስንት እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት ከዚህ ግቢ የወሰዳቸው ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ የሚጠይቀው አላየሁም። በማስተምርበት ግቢ እንዲህ ያለ አንድ ድርጅት ሊመረቁ ጥቂት ሳምንታት የቀሯቸውን ተማሪዎች ሰብስቦ ስለ ሥራ ዕድል ካስረዳ በኋላ፣ ከትምህርት ክፍሎች የተማሪዎቹን ስም፣ ስልክ ቁጥርና አማካይ ውጤት የያዘ ዝርዝር ተቀብሎ ሄደ። ከምረቃው በኋላ ለልጆቹ እየደወለ «ተመርጠሃል፤ ነገር ግን የቅጥር ቅድመ ሥልጠናውን ክፍያ እስከ ዓርብ ካላስገባህ ቦታህ ለሌላ ይሰጣል» ይላቸው ጀመር። ከልጆቹ አንዷ የባንክ ደረሰኟን ይዛ ቢሮዬ መጥታ ስትጠይቀኝ፣ ድርጅቱን ያመነችው በአዳራሹ መድረክ ላይ ከዲኑ አጠገብ ተቀምጦ ስላየችው እንደሆነ ነገረችኝ። ሥልጠናው የሁለት ቀን ንግግር ነበር፤ ቅጥር የሚባል ነገር አልተከተለውም።

እንግዲህ ይህን ጉዳይ ሕግ ያልደረሰበት ባዶ ሜዳ አድርገን አንመልከተው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝን የሚተረጉመው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚያገናኝ በማለት ነው። «በተዘዋዋሪ» የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ያዙት፤ ክፍያው ሥልጠና ወይም ፎርም ተብሎ ቢጠራም የሚወጣው ከዚያው ከሥራ ፈላጊው ኪስ ነውና። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የተማሪን ስልክና ውጤት ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሦስተኛ ወገን ማሳለፍ ቀድሞም አደራ ከመብላት የማይለይ ነበር፤ ዛሬ ግን በሕግም የሚያስጠይቅ ነው። በፍላሽ የተሰጠ የኤክሴል ዝርዝር ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተሸጠ ልጁን ለዓመታት ይከተለዋል።

ጉዳቱ በጥቂት ሺህ ብር ብቻ የሚቆም ቢሆን እንኳ ዝም ማለት ባልተገባን ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ላይ አይቆምም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በታይላንድ ድንበር ላይ ከምትገኘው የሚያንማሯ ሚያዋዲ አካባቢ፣ በበይነ መረብ ሰው የሚያጭበረብሩ ወንጀለኞች ካጎሯቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የብዙ አገር ዜጎች ጋር በርካታ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ሲወጡ ዓለም አይቷል። እነዚህ ልጆች በበረሃ በእግር የተሰደዱ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ የሚችሉ፣ ኮምፒውተር የሚያውቁ፣ ቪዛቸውን ይዘው በአውሮፕላን የሄዱ ናቸው። የተነገራቸው የደንበኞች አገልግሎት ወይም የዳታ ኢንትሪ ሥራ በጥሩ ደመወዝ ባንኮክ ይጠብቃችኋል ተብሎ ነበር። ሕገወጡ መልማይ ዛሬ የሚፈልገው የተማረውን ልጅ ነው፤ የተማረው ልጅ በብዛት የሚገኘውም ግቢያችን ውስጥ ነው። በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወንጀሉ ከተፈጸመ በኋላ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ልጁን ሊያስጥል የሚችለው «ይህን ድርጅት ታውቁታላችሁ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ በቂ መልስ የሚሰጠው ሰው ግቢው ውስጥ ማግኘቱ ብቻ ነው።

ያን መልስ መስጠት የነበረበት የሙያ ማማከር ማዕከላችን ነበር። በደርግ ዘመን ምሩቅን መንግሥት ይመድበው ስለነበር ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ከቀጣሪ ጋር የሚያገናኝበት የራሱ ልማድ አላበጀም፤ ምደባው ከቀረ በኋላም ክፍተቱ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ቆየ። አሁን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማዕከላት ተከፍተዋል፤ ሲቪ አጻጻፍና የኢንተርቪው ዝግጅት ያስተምራሉ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። የምወቅሳቸው ግን የሥራቸው መለኪያ የመጡት ድርጅቶች ብዛትና አዳራሽ የገባው ተማሪ ቁጥር በመሆኑ ነው። ለሪፖርት የሚሆን ፎቶ ተነሥቶ፣ የተመዘገበው ሁሉ «የሥራ ዕድል የተፈጠረለት» ተብሎ ወደ በላይ አካል ሲላክ፣ ከተመዘገቡት ውስጥ በእርግጥ ደመወዝ የበላው ማን እንደሆነ ደውሎ የሚጠይቅ የለም። አንድ የማዕከል ሠራተኛ ከምረቃ በኋላ በሦስተኛው ወር ለልጆቹ ደውሎ «የት ነህ? ስንት ይከፈልሃል? ውል ፈርመሃል? ያስከፈለህ አለ?» ብሎ ቢመዘግብ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የትኛው ቀጣሪ ታማኝ፣ የትኛው አታላይ እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ በእጁ ይኖረው ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው የስልክ ካርድና ትጋት ነው።

እናንተ ቀጣሪዎች ሆይ፣ ስማችሁ የተከበረ፣ ግብር የምትከፍሉ፣ ብዙ ሰው የምታስተዳድሩ ናችሁና ነገሩን ከአጭበርባሪዎች ጋር ብቻ አታያይዙት። የልጁን ዋናውን ዲግሪ ወይም ቴምፖ ተቀብላችሁ መሳቢያ ውስጥ የምትቆልፉ አላችሁ፤ ሌላ ሥራ ሲያገኝ እንዳይሄድባችሁ ማገቻ ማድረጋችሁ ነው። ኮፒው ከዋናው ጋር ከተመሳከረ በኋላ ዋናው በእናንተ እጅ የሚያድርበት ምክንያት የለም። የሙከራ ጊዜ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍ ሊሰፍርም ይገባል፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ሠራተኛ ነው። እናንተ ግን «ሥራውን እስኪለምድ» እያላችሁ ግማሽ ዓመት በትራንስፖርት አበል ብቻ ታሠሩታላችሁ፤ ከዚያም አሰናብታችሁ ሌላ ምሩቅ ታመጣላችሁ። ለሂሳብ ሥራ ወይም ለእንግዳ መቀበያ በወጣ ማስታወቂያ ላይ «ቁመናዋ ያማረ» ብላችሁ የምትጽፉ፣ ለሴት አመልካች ብቻ «ሙሉ ቁመት የሚያሳይ ፎቶ ላኪ» የምትሉ፣ ኢንተርቪውን ከቢሮ አውጥታችሁ በምሽት እራት ቤት የምትቀጥሩ ደግሞ አላችሁ። በዚህኛው ላይ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ምን እየፈለጋችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እርሷም ታውቀዋለች፤ ደፍራ የማትናገረው ሥራው ስለሚያስፈልጋት ብቻ ነው።

ልጆቻችን ሆይ፣ እናንተም ያለ ነቀፋ አይደላችሁም። ያልሠራችሁበትን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከማተሚያ ቤት አሠርታችሁ ስታቀርቡ፣ ኢንተርንሺፕ ሳትወጡ የግምገማ ቅጹን በዘመድ ስታስፈርሙ፣ ቅጥር ተቀብላችሁ ውሉ ላይ ከፈረማችሁ በኋላ ያለ አንዲት ስልክ ስትቀሩ፣ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ በሩን እየዘጋችሁበት ነው። ወላጆችም «ሰው አለኝ፤ ሃያ ሺህ ብር ካለህ ልጅህን አስገባልሃለሁ» ለሚል ደላላ ላሟን አትሽጡ፤ እውነተኛ ከሆነ ጉቦ ሰጥታችሁ የሌላ ሰው ልጅ ቦታ ቀምታችኋል፤ ሐሰተኛ ከሆነ ደግሞ ላሟም ልጁም ቀርተዋል።

ስለዚህ በዘንድሮው ምረቃ ዋዜማ ባነር ይዞ ለሚመጣ ቀጣሪ አዳራሽ ከመፍቀዳችሁ በፊት፣ የሥራ መደቡን፣ ደመወዙን፣ የሥራ ቦታውንና «ከአመልካች ምንም ክፍያ አልቀበልም» የሚለውን ቃሉን በፊርማው አስቀርታችሁ፣ ያንኑ ወረቀት ተማሪዎቹ እንዲያነቡት በሰሌዳ ላይ ለጥፉት። ስም ዝርዝር ከጠየቃችሁ የድርጅቱን አድራሻ ለተማሪዎቹ ስጡ እንጂ የተማሪዎቹን ስልክ ለድርጅቱ አትስጡ፤ የፈለገ ልጅ ራሱ ይደውላል። ወደ ውጭ አገር እልካለሁ ያለውን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተሰጠውን ፈቃድ አስቀርባችሁ፣ ፈቃዱ የጸና መሆኑንም ከሚኒስቴሩ አጣሩ። ገንዘብ አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ልጆችም በሐፍረት አትደበቁ፤ የባንክ ደረሰኛችሁን፣ የተጻጻፋችሁትን የቴሌግራም መልእክትና የደወለላችሁን ስልክ ቁጥር ሳታጠፉ ይዛችሁ በቅርባችሁ ወዳለው የሥራና ክህሎት ቢሮና ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲያችሁም ተመልሳችሁ ያን ድርጅት መድረክ ላይ ያወጣውን ኃላፊ በጽሑፍ ጠይቁት፤ እርሱም በጽሑፍ ይመልስላችሁ።