ለ102 ኪሎ ሜትር 750 ኪሎ ሜትር

አሁን ከቲኬት ቢሮ መውጣቴ ነው፤ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ከባሕር ዳር ኤርፖርት እስከ ጎንደሩ፣ አዘዞ፣ በአየር ቀጥታ 102 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ማዶ ማለት ነው። ልጅቷ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጋ "በአዲስ አበባ ነው ያለው" አለችኝ።

"ቀጥታስ?"

"ቀጥታ የለም።"

ስልኬን አውጥቼ ካርታውን ባሳያት፣ አየት አድርጋ "እንግዲያው ካርታው ላይ ይሳፈሩ፣ ጋሼ" አትለኝም! ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ይበልጥ ያበገነኝ "ጋሼ" ማለቷ ነው። አልበቃ ብሏት "ጎንደር እኮ ቅርብ ነው፣ ለምን በመኪና አይሄዱም?" መኪና! መንገዱ ሰላም ቢሆን እሷ ፊት ምን ልሠራ እገተራለሁ? ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ ማክሰኚትን አልፎ 180 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት ነበር። ነበር።

እስቲ አስሉት። ባሕር ዳር ቦሌ 330፣ ቦሌ ጎንደር 420፣ ድምሩ 750 ኪሎ ሜትር። ሰባት እጥፍ! አጥር ተሻግሮ ቡና ለመጠጣት በመርካቶ መዞር ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጉድ። እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ደግ። ግን ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ቀበቶ ፍቱ፣ ጫማ አውልቁ፤ ከዚያ ቦሌ የአገር ውስጥ ተርሚናል ተጎልታችሁ ቀጣዩን ጠብቁ። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ካልተቆረጡ አለቀላችሁ፦ ሻንጣ ቦሌ ላይ ተቀብላችሁ እንደ አዲስ ፍተሻ፤ የመጀመሪያው ከዘገየ ሁለተኛው ጥሏችሁ ሄዷል፣ ኪሳራውም የራሳችሁ። በአንድ ቲኬት አስቆርጡ። ሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀትም አንብቡት፤ "ጂ ዲ ኪው" ካለ ጎንደር ይደርሳል፣ "ኤ ዲ ዲ" ካለ ቦሌ ይቀራል።

ኢንተርኔቱስ? የሁለቱን ኤርፖርት ኮድ ብትጽፉለት "የበረራ ጊዜ 38 ደቂቃ" ይላችኋል። በየትኛው በረራ! ብዙዎቹ ድረ ገጾች የሚሠሩት ይኼው ነው፦ ቀጥታውን ርቀት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ 30 ደቂቃ ጣል ያደርጉበታል። እኛ ሰፈር የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ቢበዛ 660 ቢሄድ ነው፤ ለ102 ኪሎ ሜትር ደግሞ ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ነዳጁን የሚጨርሰው ሽቅብ መውጣቱ ነው፣ ጎማውና ሞተሩም የሚያረጀው በተነሳና ባረፈ ቁጥር ነው፣ ሰውን ቦሌ ሰብስቦ መበተን ያዋጣል። ያዋጣ! ግን በፎከር 50 አውሮፕላን ዘመን ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ በአንድ መስመር ሲዞር አልነበር? ለቱሪስት ሲሆን ያዋጣል፣ ለቅሶ ለሚደርስ ሰው ሲሆን ሒሳብ ይመጣል።

ክረምቱን አላነሳሁም። ደመናው አዘዞ ላይ ከተጋደመ ጎንደር አናት ደርሳችሁ ወደ ቦሌ ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ ያኔ ኪሎ ሜትሩን ራሳችሁ ደምሩት። ወርዳችሁም ገና ናችሁ፤ ከኤርፖርቱ ፒያሳ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ባለታክሲውም ሻንጣችሁን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው።

ብቻ ሐሙስ ልትቀበሉኝ ያሰባችሁ፣ "38 ደቂቃ ነው" ብላችሁ እንዳትመጡ። ከመጣችሁም ምሳችሁን ቋጥራችሁ።